ከመሬት በታች ያለው ውሃ የማን ነው?

ጠጠርና ድንጋይ ለማውጣት የሚደረገው ውሃ ማጠንፈፍ በጎረቤት ጉድጓዶች ላይ ስላስከተለው ችግርና ስላስነሳው ክርክር አጭር ታሪክ

አንድ የውሃ ጉድጓድ ሲደርቅ የመንደሩ ሰው መጀመሪያ ቀና ብሎ የሚያየው ሰማዩን ነው። ዝናቡ አንሶ ይሆን? ክረምቱ ቶሎ ወጥቶ ይሆን? እያለ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜም አይሳሳትም። ነገር ግን ዝናቡ እንደ ወትሮው ዘንቦ፣ ጉድጓዱም ሳይደፈን፣ ውሃው ብቻ ቀስ በቀስ ወደ ታች የሚሸሽበት ጊዜ አለ። እንዲህ ሲሆን ምክንያቱ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ላይገኝ ይችላል። ራቅ ብሎ ሌላ ሰው ለሌላ ጉዳይ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ይገኝ ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነው ይህንኑ ነው። ጠጠር፣ ድንጋይ ወይም ከሰል የሚያወጡ ሰዎች ሥራቸውን በደረቅ መሬት ላይ ለመሥራት ውሃውን በፓምፕ ያጠነፍፋሉ። ያን ጊዜ በአካባቢው ያሉት ጉድጓዶች ምን ይሆናሉ? ጉድጓዱ የደረቀበት ሰውስ ለማን ይጮኻል? ጥያቄው የጂኦግራፊና የፊዚክስ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ የታሪክም ጥያቄ ነው። ፍርድ ቤቶች «ከመሬት በታች ያለው ነገር ስለማይታይ ሊዳኝ አይችልም» ከሚለው ሐሳብ ተነሥተው «ሊለካ የሚችል ስለሆነ ሊዳኝ ይገባል» ወደሚለው ለመድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንጠይቃለን።

ውሃው ከመሬት በታች እንዴት ይኖራል?

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት የነገሩን መሠረት ማስጨበጥ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የከርሰ ምድር ውሃ ሲባል ከመሬት በታች የሚፈስ ወንዝ ወይም የተኛ ሐይቅ ይመስለዋል። በአንዳንድ የኖራ ድንጋይ አገሮች ይህን የሚመስል ነገር አለ። በአብዛኛው ግን ውሃው የሚገኘው በአሸዋና በጠጠር ቅንጣቶች መካከል ባሉት ክፍተቶችና በአለት ስንጥቆች ውስጥ ነው። አንድ ብርጭቆ በጠጠር ሞልተን ውሃ ብንጨምርበት ብርጭቆው «ሞልቶ» እያለ ብዙ ውሃ ይቀበላል። መሬትም እንዲሁ ነው። ዝናብ ወደ ታች ሰርጎ ክፍተቶቹን ሁሉ ሲሞላ፣ የሞላው ክፍል የላይኛው ወሰን የከርሰ ምድር ውሃ ወለል ይባላል። ጉድጓድ ስንቆፍር ውሃ የምናገኘው ከዚህ ወለል በታች ስንደርስ ነው።

ሁሉም አፈር ውሃን እኩል አያሳልፍም። ሸክላ አፈር ብዙ ውሃ ይይዛል፤ ነገር ግን ክፍተቶቹ እጅግ ደቃቅ ስለሆኑ ውሃውን አይለቅም። ጠጠር ግን ይይዛል፤ ይለቃልም። የጠጠርና የአሸዋ ክምችት በብዛት የሚገኘው ወንዞች ባለፉት ዘመናት ባስተኙት በሸለቆ ሜዳ ላይ ነው። ሕዝብም ጉድጓድ ቆፍሮ የሚሰፍረው በዚሁ ሜዳ ላይ ነው። እንግዲህ ጠጠር ፈላጊውና ውሃ ፈላጊው አንድ መሬት ላይ መገናኘታቸው አጋጣሚ አይደለም። ሁለቱም የሚሹት ያንኑ አንድ ንጣፍ ነው።

ጠጠር አውጪው ከውሃው ወለል በታች ሲደርስ ውሃ ከየአቅጣጫው ወደ ጉድጓዱ ይገባል። ፓምፕ ተክሎ ሌት ተቀን ያወጣዋል። በዚህ ጊዜ የውሃው ወለል በጉድጓዱ ዘንድ ዝቅ ይላል፤ ከጉድጓዱ በተራቀ ቁጥር ደግሞ ቀስ በቀስ ከፍ እያለ ሄዶ ከቀድሞው ልክ ጋር ይገናኛል። ቅርጹ ተገልብጦ የተቀመጠ የጎጆ ክዳንን ይመስላል፤ ጫፉ በጉድጓዱ ላይ፣ ዙሪያው ሰፊ ነው። ፓምፑ በሠራ ቁጥር ይህ የተገለበጠ ክዳን እየሰፋ ይሄዳል። በመጨረሻ ወይ ወንዝ ወይም ሐይቅ አግኝቶ ከዚያ ውሃ ይስባል፤ አለዚያም ከሰፊ መሬት የሚሰርገው ዝናብ የሚወጣውን ውሃ ሲተካለት ይቆማል።

ምሳሌ እንስጥ። ከጠጠር ማውጫው አጠገብ ሁለት ጉድጓዶች አሉ እንበል። አንዱ በእጅ የተቆፈረና ስድስት ሜትር ጥልቀት ያለው ነው፤ ውሃው ከአራት ሜትር ላይ ይጀምራል። ሁለተኛው በመሣሪያ የተቆፈረና ሠላሳ ሜትር ጥልቀት ያለው ነው። በማጠንፈፉ ምክንያት የውሃው ወለል በዚያ ቦታ በሦስት ሜትር ቢወርድ የመጀመሪያው ጉድጓድ ፈጽሞ ይደርቃል። የሁለተኛው ባለቤት ግን ምንም ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ጉዳት በሁሉም ላይ እኩል አያርፍም፤ በቅድሚያ የሚጠማው ጥልቅ ጉድጓድ ለማስቆፈር አቅም ያነሰው ነው።

የላንካሺር ፋብሪካና የከሰል ጉድጓዶች

በእንግሊዝ አገር የኢንዱስትሪ አብዮት በተፋፋመበት ዘመን በላንካሺር ግዛት አንድ የጥጥ ፋብሪካ ነበረ። ፋብሪካው የሚሠራው በ1821 በተቆፈረ ጉድጓድ ውሃ ነበር። በ1837 ጎረቤቶች ከፋብሪካው አንድ ኪሎ ሜትር ከሩብ ያህል ርቀው የከሰል ጉድጓድ ቆፈሩ። የፋብሪካው ውሃ ቀነሰ። በ1840 ደግሞ ከዚያ ቀረብ ብለው ሌላ ቆፈሩ። ውሃው ለፋብሪካው የማይበቃ ሆነ። የፋብሪካው ባለቤት አክተን ብለንደልን ከሰሰ፤ ነገሩም በ1843 ለከፍተኛ ዳኞች ቀረበ።

ፍርዱን የሰጡት ዋና ዳኛ ሰር ኒኮላስ ቲንደል ነበሩ። ሐሳባቸው በአጭሩ የሚከተለው ነው። በመሬት ላይ የሚፈስ ወንዝ ለሁሉም ይታያል፤ የላይኛውም የታችኛውም ባለመሬት መብቱንና ግዴታውን ያውቃል። ከመሬት በታች ያለው ውሃ ግን ከየት እንደሚመጣ፣ በየት በኩል እንደሚያልፍ ማንም አያውቅም። ስለዚህ እንደ አፈሩና እንደ ድንጋዩ የመሬቱ ባለቤት ነው። ባለቤቱ በገዛ መሬቱ ቆፍሮ የጎረቤቱን ውሃ ቢያደርቅ ጉዳት እንጂ በደል አይባልም። ዳኛው በተጨማሪ፣ በጥቂት ወጪ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ታላቅ ዋጋ ያለውን ማዕድን ሊያግድ አይገባም ብለዋል። ለፍርዳቸውም በ6ኛው መቶ ዓመት በዮስቲንያኖስ ዘመን ከተሰበሰበው የሮማ ሕግ የማርሴሉስን ቃል ጠቅሰዋል።

በ1859ም የክሮይደን ከተማ የጤና ቦርድ ለሕዝቡ ውሃ ለማቅረብ በዋንድል ወንዝ አጠገብ ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ በመሳቡ፣ በዚያው ወንዝ ከ60 ዓመት በላይ ወፍጮውን ሲያሽከረክር የኖረው ሰው ከሰሰ። የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤትም በዚያው ሐሳብ ጸና፤ ባለወፍጮውም ተረታ።

የዲዦን መሐንዲስና የኦሃዮ ዳኞች

ዳኞቹ «አይታወቅም» ሲሉ፣ በዚያው ዘመን በፈረንሳይ አገር ነገሩን ለማወቅ የተነሣ ሰው ነበር። ሄንሪ ዳርሲ የተባሉት መሐንዲስ ለትውልድ ከተማቸው ለዲዦን ንጹሕ ውሃ አስገብተው ነበር። ስለ ከተማይቱ የውሃ ሥራ በ1856 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሙከራ ገለጹ። በቆመ የብረት ቱቦ ውስጥ አሸዋ ሞልተው ውሃ አሳለፉበት፤ ከላይና ከታች ያለውን የውሃ ግፊት ለኩ። በተወሰነ ጊዜ የሚያልፈው ውሃ መጠን የግፊቱን ልዩነት ተከትሎ እንደሚጨምር፣ አሸዋው በወፈረ ቁጥር ደግሞ እንደሚቀንስ አረጋገጡ። ልዩነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሰቱም እጥፍ ይሆናል። በዚህ ሕግ መሠረት ከመሬት በታች ያለው ውሃ እንደ ፈለገ የሚባክን ምስጢር መሆኑ ቀረ። ከፍ ካለበት ወደ ዝቅተኛው፣ በሚሰላ ፍጥነት የሚሄድ ሆነ።

ይሁን እንጂ ዕውቀት ከቤተ ሙከራ እስከ ፍርድ ቤት ለመድረስ ረጅም መንገድ አለው። ከዳርሲ መጽሐፍ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1861፣ በአሜሪካ የኦሃዮ ክፍለ ሀገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍሬዘር በብራውን ላይ ያቀረበውን ክስ ተመለከተ። ክሱ በጎረቤት ቁፋሮ ምክንያት ስለ ጠፋ ውሃ ነበር። ዳኞቹ የከርሰ ምድር ውሃ አካሄድ እጅግ የተሰወረ ስለሆነ በእርሱ ላይ ሕግ ማውጣት ከንቱ ነው በማለት ክሱን ሳይቀበሉት ቀሩ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1862፣ የኒው ሃምፕሺር ፍርድ ቤት ሌላ መንገድ መረጠ፤ እያንዳንዱ ባለመሬት ውሃውን ሊጠቀም የሚችለው የጎረቤቱንም ጥቅም ባገናዘበ አኳኋን ነው አለ። በኦሃዮ ግን የ1861ዱ ፍርድ ከመቶ ዓመት በላይ ጸንቶ ቆየ።

በቴክሳስ ክፍለ ሀገርም በ1904 ተመሳሳይ ፍርድ ተሰጠ። በዴኒሰን ከተማ አንድ የባቡር ኩባንያ ለሎኮሞቲቮቹ ውሃ ለማግኘት 20 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ሰፊ ጉድጓድ ቆፍሮ በቀን 25,000 ጋሎን፣ ማለትም ከ90,000 ሊትር በላይ ውሃ ይስብ ነበር። የጎረቤቱ ጉድጓድ ጥልቀቱ የዚያ ግማሽ ያህል ነበረና ደረቀ። ፍርድ ቤቱ የኦሃዮን ምክንያት ደግሞ ኩባንያውን ነፃ አወጣው። ከፍ ብለን በምሳሌ ያየነው የሁለቱ ጉድጓዶች ነገር እነሆ በታሪክ ተፈጽሞ እናገኘዋለን።

የብራድፎርድ ከተማና አቶ ፒክልስ

ከእነዚህ ክርክሮች ሁሉ ለክፍል ውይይት የሚመቸው የብራድፎርዱ ነው። ብራድፎርድ በሰሜን እንግሊዝ የምትገኝ የሱፍ ኢንዱስትሪ ከተማ ናት። ከውሃዋ ከፊሉን የምታገኘው ከተራራ ሥር ከሚፈልቁ ምንጮች ነበር። ከምንጮቹ በላይ ያለው መሬት የኤድዋርድ ፒክልስ ነበር። ፒክልስ በ1892 በመሬታቸው ላይ መቆፈር ጀመሩ። ዓላማዬ የድንጋዩን ንጣፍ አጠንፍፌ ድንጋይ ማውጣት ነው አሉ። ከተማይቱ ግን ድንጋይ አውጥተው ሊሸጡ ሳይሆን፣ ውሃውን በማጉደል መሬታቸውን በውድ ዋጋ እንድንገዛቸው ሊያስገድዱን ነው ብላ ከሰሰች።

የመጀመሪያው ዳኛ ለከተማይቱ ፈርደውላት ነበር። ይግባኝ ሰሚዎቹ ግን ሻሩት። በ1895 የጌቶች ምክር ቤት የመጨረሻውን ቃል ሰጠ። ሰውየው በመሬታቸው ላይ የመቆፈር መብት ካላቸው፣ ክፉ አሳብ ቢኖራቸው እንኳ መብታቸው ሕገወጥ አይሆንም ሲል ፈረደላቸው። ልብ እንበል፦ በ1843 የተጠቀሰው የሮማው ሊቅ ማርሴሉስ ጎረቤቱን ለመጉዳት ብሎ የቆፈረውን ሰው ለይቶ አውጥቶት ነበር። እንግሊዞቹ የቃሉን ግማሽ ወስደው ግማሹን ተዉት ማለት ነው።

ከ«ምስጢር» ወደ ስሌት

በሃያኛው መቶ ዓመት የውሃ ሳይንስ ወደ ፊት ተራመደ። በ1906 ጀርመናዊው ጉንተር ቲም፣ በተሳበው ውሃ መጠንና በአካባቢው ጉድጓዶች ላይ በታየው መውረድ መካከል ያለውን ግንኙነት በስሌት አሳዩ። በ1935 አሜሪካዊው ቻርልስ ቲስ ጊዜንም በስሌቱ ውስጥ አስገቡ። ቲስ ወደዚህ የደረሱት ሙቀት በብረት ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ ውሃ በንጣፍ ውስጥ ከሚሄድበት ጋር በማመሳሰል ነበር። ከዚያ ወዲህ ፓምፑ ስንት እንደሚያወጣና ንጣፉ ውሃን እንዴት እንደሚይዝና እንደሚያሳልፍ ከታወቀ፣ በዚህን ያህል ርቀት ላይ ያለ ጉድጓድ ከዚህን ያህል ቀን በኋላ ስንት ሜትር እንደሚወርድ መገመት ተቻለ። ቲስ በ1940 በጻፉት ሌላ ጽሑፍ ደግሞ በፓምፕ የሚወጣ ማናቸውም ውሃ ከሌላ ቦታ መጉደሉ እንደማይቀር አስረዱ። ወይ ከክምችቱ፣ ወይ ከወንዙ፣ ወይ ከምንጩ ይጎድላል፤ በነፃ የሚገኝ ውሃ የለም።

ይህ ዕውቀት ወደ ሕግ የገባበት ቀን ለርዕሳችን ይበልጥ ቅርብ ነው። በኦሃዮ ክፍለ ሀገር፣ በኮሎምበስ ከተማ አጠገብ በፍራንክሊን አውራጃ፣ አሜሪካን አግሪጌትስ ኮርፖሬሽን የተባለ ለግንባታ የሚሆን ድንጋይ የሚያወጣ ድርጅት ነበረ። የአካባቢው ነዋሪዎች፣ ድርጅቱ ማውጫውን ለማድረቅ ውሃ በማጠንፈፉ ጉድጓዶቻችን ተጎዱ ብለው ከሰሱ። የሥር ፍርድ ቤቶች የ1861ዱን ፍርድ ጠቅሰው ነዋሪዎቹን አሰናበቱ። በ1984 ግን የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያን አሮጌ ፍርድ ሻረ። ከእንግዲህ ወዲህ የውሃውን ወለል ዝቅ በማድረግ ጎረቤቱን ያለ አግባብ የጎዳ ሰው ሊጠየቅ ይችላል አለ፤ ጉዳዩም በማስረጃ እንዲታይ ወደ ታች መለሰው። ከዳኞቹ አንዱ በጻፉት ተጨማሪ ሐሳብ፣ የውሃ ሳይንስ ስለ አደገ የውሃው ወለልና ምንጭ በቀላሉ ሊታወቅ እንደሚችል ገለጹ። በ1861 «የተሰወረ» የተባለው ነገር በ1984 የሚመረመር ማስረጃ ሆነ።

ክርክሩ በጀመረበት በእንግሊዝ አገርም ለውጡ ዘግይቶ መጣ። በ1963 የወጣው ሕግ ውሃ መሳብ ፈቃድ እንዲጠየቅበት ሲያደርግ፣ የማዕድንና የድንጋይ ማውጫዎችን ለማድረቅ የሚደረገውን ማጠንፈፍ ግን ከፈቃዱ ነፃ አደረገ። ይህ ነፃነት እንዲቀር በ2003 ሕግ ቢወጣም በሥራ ላይ መዋል የጀመረው በ2018 ነው። ከላንካሺሩ ፍርድ 175 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ጉዳቱን መቀነስ ይቻላልን?

ከዚህ ታሪክ ጠጠር አይውጣ የሚል ትምህርት አናወጣም። ያለ ጠጠርና ያለ አሸዋ ትምህርት ቤትም፣ ድልድይም፣ የጤና ጣቢያም አይሠራም። ጥያቄው እንዴት ይውጣ የሚለው ነው። ከሚታወቁት ዘዴዎች አንዱ ውሃውን ሳያጠነፍፉ፣ ጠጠሩን ከውሃው ውስጥ በማሽን መዛቅ ነው። ሁለተኛው በፓምፕ የወጣውን ውሃ በጉድጓዶቹና በማውጫው መካከል በተቆፈረ ቦይ ውስጥ በመልቀቅ ተመልሶ እንዲሰርግ ማድረግ ነው። ሦስተኛው በማውጫው ዙሪያ ውሃ የማያሳልፍ የሸክላ ግድግዳ ማበጀት ነው።

ሥራው ሲያበቃም ነገሩ አያበቃም። ፓምፑ ሲቆም ጉድጓዱ በውሃ ተሞልቶ ሐይቅ ይሆናል፤ የአካባቢው ጉድጓዶችም ቀስ በቀስ ያገግማሉ። ነገር ግን የሐይቅ ፊት ዝርግ ነው፤ የከርሰ ምድር ውሃ ወለል ግን ተዳፋት ነው። ስለዚህ ከሐይቁ በላይ በኩል ያሉት ጉድጓዶች ውሃቸው ከቀድሞው ዝቅ ብሎ ሊቀር፣ በታች በኩል ያሉት ደግሞ ከፍ ሊል ይችላል። ቀድሞ በአፈር ተሸፍኖ የነበረውም ውሃ ለፀሐይ ተጋልጦ ይተናል።

ከኛ አገር ጋር ምን ያገናኘዋል?

በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የአገሪቱ ውሃ ሁሉ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ንብረት ነው ይላል። እንግዲህ የላንካሺሩ መንገድ የኛ መንገድ አይደለም፤ ውሃው የመሬቱ ተከታይ አይደለም። ይኸው አዋጅ በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ፈቃድ አይጠይቅም። ይህ ለገበሬው መልካም ነው። ነገር ግን ፈቃድ በሌለበት ብዙ ጊዜ መዝገብም የለም። መዝገብ የሌለው ጉድጓድ ሲደርቅ «ቀድሞ ውሃው ከምን ልክ ላይ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይገኝም። ጎረቤቱ «ድርቅ ነው» ይላል፤ ባለጉድጓዱ «ፓምፑ ነው» ይላል። ሁለቱም ከማመን በቀር የሚያሳዩት የላቸውም። ያን ጊዜ ሕጉ መልካም ቢሆንም እንኳ ነገሩ ወደ 1843 ይመለሳል።

ስለዚህ ትምህርት ቤቶች ሊሠሩት የሚችሉት አንድ ሥራ አለ። በትምህርት ቤቱ አካባቢ የሚገኝ አንድ ጉድጓድ ይመረጥ። በጉድጓዱ አፍ ላይ የማይነቀል ምልክት ይደረግ። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ማለዳ ውሃ ከመቀዳቱ በፊት፣ መምህሩና የጉድጓዱ ጠባቂ ባሉበት፣ በሜትር የተመለከተና በንጹሕ ውሃ የታጠበ ገመድ ጫፉ ላይ ክብደት ታስሮበት ይውረድ። ከምልክቱ እስከ ውሃው ፊት ያለው ርቀት ከቀኑ ጋር በደብተር ይጻፍ። በግቢው ውስጥ በተተከለ ቆርቆሮ የሚለካው ዝናብም በጎኑ ይመዝገብ። ተማሪዎቹ በዓመቱ መጨረሻ ሁለቱን በግራፍ ሲያነሡ ዝናብና ጉድጓድ እንዴት እንደሚከታተሉ በዓይናቸው ያያሉ። ዝናቡ ሳይጎድል ውሃው ቢወርድም ያንኑ በዓይናቸው ያያሉ። ምክንያቱን ለማወቅ ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ደብተር ግን ጥናቱ የሚነሣበት መሠረት የለውም።

የብራድፎርድ ሰዎችም፣ የኦሃዮ ነዋሪዎችም የተቸገሩት በአንድ ነገር ነበር። ውሃቸው መጉደሉን ያውቃሉ፤ የሚሰማቸው ግን አላገኙም። ሳይንሱ ዳኞችን እስኪያሳምን ድረስ ብዙ ጉድጓድ ደርቋል። የማይታየውን ነገር እንዲታይ ያደረገው በአሸዋ የተሞላ ቱቦ፣ መለኪያና ትዕግሥት ነው። ገመዱና ደብተሩም በየትምህርት ቤቱ ይገኛሉ፤ የቀረው መጀመር ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ዋና ዳኛ ቲንደል በ1843 ያቀረቡት ምክንያት በዚያ ዘመን ዕውቀት ሲመዘን ተገቢ ነበርን? በዛሬው ዕውቀትስ?

2. ብራድፎርድ በፒክልስ ላይ ባቀረበችው ክስ ዳኛ ብትሆኑ ኖሮ ለማን ትፈርዱ ነበር? ምክንያታችሁን አስረዱ።

3. አንድ ጉድጓድ ሲደርቅ ምክንያቱ የዝናብ ማነስ መሆኑን ወይም በጎረቤት የተተከለ ፓምፕ መሆኑን ለመለየት ምን ምን መለካት ያስፈልጋል?